ጥፊ ሳይሆን ማሳለፍ ስለ መሆኑ

ቀን፦ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቡና አበባ መዋዕለ ሕፃናት
ርዕሰ መምህርት ጽሕፈት ቤት
መቱ

ጉዳዩ፦ ሕፃን ኢሊሊ አብደታ «መምህርትን በጥፊ መትታለች» ተብሎ በመዝገብ የሰፈረው ቃል እንዲታረምና እንደገና እንድትፈተን ስለ መጠየቅ

ክብርት ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ሙሉብርሃን፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ይህን የምለው የአመልካቹን ስም ሲያዩ እጅዎ ወደ ቅርጫቱ እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሳይዛወሩ አራተኛ ክፍል ሲያስተምሩኝ በስሜ የገባው ማመልከቻ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ ደወል ስላረጀ በክብር ጡረታ ይውጣልን የሚለው፣ ቀልድ ነበር። በማግስቱ ደወሉን የሰወርኩትም እኔ ነኝ፤ ይኸው ዛሬ በጽሑፍ አመንኩ። ይህኛው ግን ቀልድ አይደለም። ቀልድ ቢመስል የእጄ ጠባይ ነው እንጂ የጉዳዩ አይደለም።

1. አመልካች ጥበቡ እባላለሁ። ስሜ ጥበቡ ይሁን እንጂ ጥበቡ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ደግሞ እዚያው ቀርቷል። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ፤ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ቪዲዮ እጭናለሁ። ሕፃን ኢሊሊ የታላቅ እህቴ የምንዳዬ ልጅ ናት፤ በመስከረም አራት ዓመት ይሞላታል። አባቷ አብደታ ጉርሙ ያዮ ጫካ ውስጥ የቡና ሥር ምንጠራ ላይ ስለሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው ብቅ የሚለው። እህቴ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። ስለዚህ ልጅቱን የምጠብቃት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እርሷን የሚጠብቃት ስልኩ ነበር፤ እኔ የምጠብቀው ስልኩን ነበር።

2. ስልኩ ምን እንዳደረጋት ሳልደብቅ አቀርባለሁ። ስልክ ካልተከፈተላት አፏ አይከፈትም። ገንፎ የሚገባው ቪዲዮው ሲሄድ ነው፤ ኔትወርክ ሲቆም ማንኪያውም ከንፈሯ ላይ ይቆማል። ከምታያቸው ቪዲዮዎች አንዱ እንቁላል እየተሰበረ ከውስጡ አሻንጉሊት የሚወጣበት ነው። አንድ ቀን ምንዳዬ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ሰባት የዶሮ እንቁላል ወለሉ ላይ ፈርጧል፤ ኢሊሊ ስምንተኛውን ይዛ ዶሮዋን በቁጣ ታያታለች። ዶሮዋ አታልላኛለች ማለቷ ነው።

አባቷ በኦሮምኛ፣ እናቷ በአማርኛ ያናግሯታል፤ እርሷ ግን ለሁለቱም አትመልስም። የምታወራው የቪዲዮዎቹን ቋንቋ ነው። የየት አገር ቋንቋ እንደሆነ የጫንኩት እኔም አላውቅም። ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት ተወልዳ ሦስተኛውን መረጠች።

በዚህ ሁሉ ስንስቅ ቆየን። እኔማ ጫኙ ስለሆንኩ እንደ ባለሙያ ኮርቼ ነበር። ሳቁ የቆመው ሰኔ ላይ ነው። ምንዳዬ ከኋላዋ ቆማ «ኢሊሊ» ብላ ጠራቻት፤ ዞር አላለችም። «ኢሊሊ፣ የኔ እናት።» አራት ጊዜ ጠራቻት። ከዚያ የእኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤ ልጅቱ አንገቷ እስኪጠመዘዝ ዞረች። እህቴ መቀሷን አስቀመጠችና «ጥበቡ፣ እንግዲህ ልጄን ስፈልጋት ልደውልላት?» አለችኝ። እህቴ ቀልድ አታውቅም። ያን ቀንም አልቀለደችም።

3. ሐምሌ ውስጥ ዝናቡ ምሰሶ ጥሎ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። የእኔም የእህቴም ስልክ ሞተ። ኢሊሊ አለቀሰች፤ ስቅታ እስኪይዛት አለቀሰች። ያኔ የሳሙና ካርቶን አነሣሁ፤ ፊት የሚያሳይ መስኮት ቀደድኩበት፤ ከታች በከሰል ሦስት ቁልፍ ሣልኩ፤ ጭንቅላቴን ከትቼ ፊቷ ቁጭ አልኩ። ልቅሶዋን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ጣቷን ጉንጬ ላይ አሳርፋ ወደ ጎን ገፋችኝ።

ክብርት ሆይ፣ የክሱ ሁሉ ሥር ይህ ነውና ላብራራ። በስልክ የያዝነው ምስል ሲሰለቸን ጣታችንን አሳርፈን ወደ ጎን እንገፋዋለን፤ ሌላው ይመጣል። ይህ በእኛ ሙያ ማሳለፍ ይባላል። ኢሊሊም አሰልችተሃል፣ ቀጥሎ ያለው ይምጣ አለችኝ። እኔም አለፍኩ፤ ዶሮ ሆንኩ። ገፋችኝ፤ የመናኸሪያ ረዳት ሆኜ «ጎሬ፣ ጎሬ፣ አንድ ሰው የቀረው» አልኩ። ገፋችኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎን ሆንኩ፤ የሌለኝን መነጽር አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ «ጥበቡ፣ ተነሥና ቁም» አልኩ። አብልጣ የሳቀችው በእርስዎ ነው።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ። ስልኩን ሞልቼ ሰጠኋት። አየችው፣ አስቀመጠችው፣ ካርቶኑን እየጎተተች አመጣችልኝ። አልዋሽዎትም፣ በማግስቱ መልሳ ስልኩን ፈለገች። ግን ከዚያ ወዲህ ካርቶኑ በቀን አንዴ ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም።

4. ነሐሴ 20 ቀን ለምዝገባ ፈተና ይዤያት መጣሁ። መምህርት ህሊና የላም ሥዕል ያለበት ካርድ አሳዩዋትና «ይቺ ማን ናት?» አሏት። ኢሊሊ ካርዱን በጣቷ ወደ ጎን ገፋችው። መምህርቷ አቀኑት። እንደገና ገፋችው። ላሟ አላለፈችም። ከዚያ ኢሊሊ ቀና ብላ መምህርቷን አየች። እዚህ ላይ እባክዎ ትንሽ ይቁሙልኝ፤ ይህች ልጅ የማታውቀውን ሰው ቀና ብላ ማየት የጀመረችው በዚያ ቀን ነው። ፈገግ አለች። ጣቷን ጉንጫቸው ላይ አሳርፋ ገፋች። መነጽራቸው ወደቀ።

መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን «ሕፃኗ ላም አታውቅም፤ መምህርትን በጥፊ መትታለች፤ ለከርሞ ትምጣ» ይላል። በአንድ መስመር ሦስት ስሕተት ነው። እኔ እንኳ በደህናው ጊዜዬ በአንድ መስመር ከሁለት አላልፍም ነበር።

ላም ታውቃለች። አውቃት ነው ያሳለፈቻት፤ መምህራንስ ተማሪው ሲያውቅ ያሳልፉት የለም? ጥፊን በተመለከተ ደግሞ እኔ በልቼ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ጥቂቱንም ከእርስዎ እጅ። ጥፊ መዳፍ አለው፣ ድምፅ አለው፣ ከሩቅ ይነሣል። የዚህች ልጅ ግን አንድ ጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ያርፋል። ከዚህም በላይ መምህርት ህሊና ስምንተኛ ክፍል አብረውኝ ነበሩ፤ እሳቸው አለፉ፣ እኔ ደገምኩ። ያኔ እሳቸውን ያሳለፈ ሰው በመዝገብ አልተከሰሰም።

5. ምስክር አለኝ፤ የበሩ ጥበቃ ጋሼ ኩመራ ናቸው። በዚያው ጠዋት በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ስሟን ሲጠይቋት ያንኑ ጣት ጉንጫቸው ላይ አሳርፋ ገፋቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «ጉደዹ፣ እደጊ» ብለው መረቋት። እስካሁን ሽበታቸውን የዳሰሰችላቸው ይመስላቸዋል፤ እኔም አላስረዳኋቸውም። አንድ ጣት፣ አንድ ጠዋት። በሩ ላይ ምርቃት አገኘችበት፣ ከበሩ ወዲያ ክስ።

6. መምህርት ህሊና «ይህን ያስተማራት ያ አጎቷ ነው» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ልክ ናቸው። ግን ያስተማርኳት መምታት አይደለም፤ የሰው ፊት ከስልክ እንደሚሻል ላሳያት ብዬ ነው፣ ዘዴው ተጣመመብኝ እንጂ። ሰፈሩም ልጅቱን «ህሊናን የመታች» እያለ ይስቅባታል። ቀልዱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ላቆመው ብል እንቢ አለኝ። መምህርቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመነጽራቸውም ብሎን ላልቶ ከሆነ የስልክ ብሎን የሚያጠብቅ እጅ አይቸግረውም፤ ይላኩልኝ።

ራሴን ሳልቀጣ የመጣሁ እንዳይመስልዎ። ኪዮስኬ ላይ «ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቪዲዮ አንጭንም» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። እናቶቹ ተቆጡ። አንዷ «ታዲያ ምሳውን አንተ እየመጣህ ልታጎርሰው ነው?» አለችኝ። ሌላዋ ከጽሑፌ ሥር «አንተ ራስህ አምስት ዓመት መቼ ሞላህ» ብላ ጻፈችበት። አልቀደድኩትም፤ ሁለቱም እንደተለጠፉ ናቸው።

7. ይህን አንቀጽ ላልጽፈው ነበር፤ ምንዳዬ ናት ጻፈው ያለችኝ። ኢሊሊ ከመምህርት ህሊና በፊት ያሳለፈችው ሰው አለ፤ አባቷ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አብደታ ከያዮ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ የጫካ ማር ይዞ መጣ። ተንበርክኮ «ኢሊሊ ኮ፣ የእኔ አበባ» አላት። አየችው፤ ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳርፋ ገፋችው። እርሱ ጨዋታውን አያውቅም። ልጄ በእኔ ፈንታ ሌላ ሰው ይምጣ አለች ብሎ ነው የገባው። ሳቀ፣ ማሩን አስቀመጠ፣ ደጅ ወጥቶ ቦቲ ጫማውን ማጠብ ጀመረ። ስደርስበት የታጠበውን ቦቲ መልሶ ያጥባል። እኔ በሕይወቴ የምቀልደው ያጣሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው መምጫው ካርቶኑን አጠለቅሁለት። አብደታ ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ በገዛ ሠርጉ እንኳ አልጨፈረም። ኢሊሊ ገፋችው። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ሁን እንጂ አንድ ነገር» አልኩት። አሰበ፣ አሰበና የያዮ ጉሬዛ ሆነ። ጉሬዛ በጠዋት ሲጮህ ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፤ ጎረቤታችን በሩን ዘጋ። ኢሊሊ በሳቅ ወድቃ ተነሣችና ተናገረች፤ በዚያ ባልታወቀው አገር ቋንቋ አይደለም።

«ድገም» አለችው።

ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ሰኔ ሠላሳ ካርድ ሲሰጥ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተጽፎልኛል። እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። አብደታ አሥራ አንድ ጊዜ ደገመ።

ስለዚህ የምጠይቀው፦

ሀ) መዝገቡ ላይ «በጥፊ መትታለች» የሚለው ተሰርዞ «አሳልፋለች» ተብሎ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) ምዝገባው ጳጉሜን 3 ቀን ሳይዘጋ ልጅቱ እንደገና እንድትፈተን። ለከርሞ ትምጣ ከተባለ ይህን ዓመት የሚያሳድጓት ስልክና እኔ ነን፤ ሁለታችንም ለዚህ ኃላፊነት አልተሠራንም። አባቷ መስከረም አልፎ ቡና ለቀማ ሲጀመር ጭራሽ አይመጣም። እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ያለኝን ፊት ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ትናንት ረዳቱን ስሆን አዛጋችብኝ። እናንተ ዘንድ ግን አርባ ልጅ አለ፤ አርባ የማያልቅ ፊት፤

ሐ) በፈተናው ላይ ጣቷ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ፈታኟ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ነገር እንዲሆኑላት። ዶሮ ይበቃል። መነጽሩ አስቀድሞ ቢወልቅ ይመረጣል።

ይህ ከተፈቀደልኝ ደወሉን ለድሮው ትምህርት ቤታችን እመልሳለሁ። አልጋዬ ሥር ነው፤ አሁንም ይጮኻል። ካልተፈቀደልኝም እመልሰዋለሁ፤ ልጅቱን በእኔ ጥፋት እንዳይቀጧት ብቻ ነው የምለምነው።

ከአክብሮት፣ ከሰላምታና ከአንድ የሳሙና ካርቶን ጋር፣

ጥበቡ ይልቃል
(ፊርማ)

አባሪ፦ መስኮት ያለው ካርቶን አንድ፤ ለፈታኟ መለማመጃ እንዲሆን

ግልባጭ፦
ለመምህርት ህሊና
ለእህቴ ለምንዳዬ

የሕፃን ኢሊሊ የጣት አሻራ፦ ከዚህ በታች ያለው ነው። ወደ ጎን ተስቦ ወረቀቱን ያበላሸው በቸልተኝነት አይደለም። ቀለሙን እንደነካች ማመልከቻውን ልታሳልፈው ገፋችው፤ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ አላለፈላትም። ከዚህ በኋላ ማሳለፉ የእርስዎ ነው።