ዓርብ ወይም ቅዳሜ

ማርች 2፣ ሰኞ

ሱቅ ዋልኩ። ጠዋት ሱቁ ባለበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የመንገድ ጽዳት ስለነበር መኪናዬን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ደንበኛ ጠፍቷል። ዘንድሮም ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመው እኔ እስከ ማታ፣ የሱቁ ባለቤት ጋሼ እንዳሻው እስከ ዘጠኝ ሰዓት... ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ማዛጋት ብቻ። ደግነቱ የምስር ሳምቡሳ ለሁለታችንም ይሆናል። የራሳቸውን ይበሉና የኔን በፎይል ጠቅልለው ያስቀምጡልኛል።

የማጠናው እዚያው ሱቅ ነው። ሁለት መቶ ስድስት አጥንት። በሩ ጋ በሐበሻ ቀሚስ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት፣ ማኒኪኗ ላይ የየአጥንቱን ስም በቢጫ ወረቀት ለጠፍኩባት። ለሠርግ ልብስ የመጣች አንዲት ሴት ደረቷ ላይ ያለውን አነበበች።

"ስተርነም የሚለው ዲዛይነሩ ነው?"

"አዎ፣ ጣሊያን ነው" አሉ ጋሼ፣ ፈገግም ሳይሉ።

ዋጋ ሳትከራከር ገዛች። እኔ አላስቻለኝም፣ በር ላይ ደርሼ እውነቱን ነገርኳት። ሳቀች... ቀሚሱን ግን ከነወረቀቱ ይዛው ሄደች።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ተማሪ ነኝ። አሁንም ለራሴ ስናገረው ያስቀኛል።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የአናቶሚ ፋይናል ቀኑ ታወቀ። ዓርብ፣ ማርች 20።

ዒድስ? ዓርብ... ወይም ቅዳሜ። ሐሙስ ማታ ጨረቃ ከታየች ዓርብ፣ ካልታየች ቅዳሜ።

ነርሲንግ ለማመልከት ከዚህ ክፍል ቢ ማግኘት አለብኝ። ፋይናሉ ከቀረብኝ ዜሮ። ዜሮ ማለት ሌላ አንድ ዓመት መጠበቅ። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት...

ሩመይሳ ፒቲሽን ይዛ ፊርማ እያሰባሰበች ትዞራለች። አጠገቤ የምትቀመጠው የሎንግ ቢች ልጅ ናት፣ ሃያ ዓመቷ፣ ቤተሰቦቿ የወሎ። ዩኒቨርሲቲው በዒድም፣ በፋሲካም፣ በአይሁድ በዓልም ትምህርት ይዝጋ የሚል ነው።

"እትዬ ሳብሪያ፣ ሳይን አድርጊ።"

"እኔ ማን ነኝና ነው ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋልኝ?"

"ተማሪ ነሻ።"

"አስቸጋሪ ሴት ይሉኛል።"

"ሶ? ይበሉ።"

አልፈረምኩም። የዛሬ ልጆች እንዴት ነው ሳያፍሩ የሚጠይቁት? ቅናት ሳይሆን አይቀርም ይሄ የያዘኝ።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

"ለበዓል ሁሉ ይዘጋ ካላችሁማ የኛንም ቁጠሩ። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ... ልጆቹ በየትኛው ቀን ሊማሩ ነው? ሲመረቁ ጡረታ ይደርስባቸዋል።"

"እኔም እኮ አልፈረምኩም።"

"ለመሆኑ ዒዱ መቼ ነው?"

"ዓርብ ወይ ቅዳሜ።"

"እሺ። ሁለቱንም እይዝልሻለሁ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ ሁለት ቀን ከበቡ፣ አለቀ። እኔም በስቅለትና በፋሲካ ሱቁን እይዝላቸዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ነው ያለነው። ተነጋግረንበት እንኳን አናውቅም።

ማርች 6፣ ዓርብ

ፈተና በበዓሉ ቀን የሚውልበት ተማሪ የሚሞላውን የበዓል ፎርም ለዩኒቨርሲቲው ቢሮ አስገባሁ። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ካልሆነ አይቀበሉም፣ ዛሬ መጨረሻው ነበር። ቀን የሚጻፍበት መስመር አንድ። እሷው ላይ አጠጋግቼ "ዓርብ ወይም ቅዳሜ" ብዬ ጻፍኩ። የቢሮዋ ልጅ ፎርሙን መለሰችልኝ።

"አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቻለው።"

"በጨረቃ እኮ ነው የሚወሰነው።"

"ኦኬ። ጨረቃዋ መቼ ትወስናለች?"

ምን ልበላት? ዓርብ ብዬ ጻፍኩ። ጨረቃን ሳላማክር።

ማታ በኢሜይል መልስ መጣ። ተፈቅዷል፣ ከዓርቡ ፈተና ስሜ ወጥቷል። የምፈተነው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት። ሌላ ቀን የለም፣ ማርክ መግባት አለበት።

እንግዲህ ጨረቃ ሐሙስ ካልታየች ዒዴ ቅዳሜ፣ ፈተናዬም ቅዳሜ... በሳቅ ፈነዳሁ። ሙነወር፣ ባሌ፣ መኪናውን ፓርክ ሳያደርግ ሰምቶኝ ኖሮ ምን ሆነች ብሎ ሮጦ ገባ። ሳስረዳው እሱም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እያለቀስን ነው የሳቅነው። ወይስ እየሳቅን ያለቀስነው?

ማርች 8፣ እሑድ

ሰዓት ወደፊት ተገፋ። ማፍጠሪያ በአንድ ሰዓት ራቀ። ሙነወር "ጾሙ አልረዘመም፣ ሰዓቱ ነው የተቀየረው" ይለኛል። ሆዴ የሚያየው ግን ሰዓቱን ነው። ለዚህስ ፎርም የለውም?

ማርች 11፣ ረቡዕ

ወይ ጉድ። ዛሬ ያደረግኩትን...

የተማሪዎች ካውንስል በፒቲሽኑ ላይ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ሩመይሳ "ቁጭ ብለሽ ብቻ ስሚ" ብላ ወሰደችኝ። አዳራሹ ሞልቷል። አንዱ ልጅ ተነሳ፣ "ለአንዱ ሃይማኖት ተዘግቶ ለሌላው ካልተዘጋ አድልዎ ነው፣ ለሁሉም ከተዘጋ ደግሞ የከፈልንበት ትምህርት የለም" አለ። እውነቱን ነው ብዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ሩመይሳ ተነሳች፣ "ገና ሲሆን ተዘግቶ ማንም አድልዎ ብሎ አያውቅም" አለች። ይሄም እውነት ነው። እንደገና ነቀነቅሁ። እንደኔ ያለ ዳኛ ምን ይሠራል?

ከዚያ ያቺ የሎንግ ቢች ልጅ ማይኩን እጄ ላይ ጣል አደረገችው። ከዚህ በላይ ክህደት አለ? ተነስቼ ቆምኩ። በዚህ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ...

"የምሠራበት ሱቅ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን ለበዓል ተዘግቶ አያውቅም" አልኩ። "እኔም በአሥራ አራት ዓመት በዒድ ሠርቼ አላውቅም።"

ቀጠልኩ። አሠሪዬ ክርስቲያን ናቸው አልኩ። መቼ ነው ይሉኛል፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ እላለሁ፣ ሁለቱንም ይይዙልኛል። አንዱን ምረጪ ብለውኝ አያውቁም። የናንተ ፎርም ግን ምረጪ አለኝ፣ መረጥኩ፣ አሁን ፈተናዬ ጨረቃ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሳቅ። ጥሩ ሳቅ።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። የአናቶሚ መምህሬ ፕሮፌሰር ሂጋ፣ አንድ ቀን ጥርሱ ታይቶ የማያውቀው ሰው።

"ጨረቃዋ የምትታየው ሐሙስ ማታ ነው?"

"አዎ።"

"ሐሙስ በስምንት ሰዓት የት ነሽ?"

"ሱቅ።"

"እኔ ቢሮ ነኝ። ጨረቃዋ ሳትወጣ ነይና ተፈተኚ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። እኔም፣ ሙነወርም፣ ቢሮዋም፣ ሁላችን ከዒድ በኋላ ያለውን ስንቆጥር ነው የከረምነው። ከዒድ በፊትም ቀን እንዳለ ለአንዳችን ትዝ አላለንም።

ፒቲሽኑ ግን አላለፈም፣ ለኮሚቴ ተመራ። ስንወጣ ሩመይሳ ፊቷ ጠቁሯል።

"ላንቺ ተፈታ። አፍሮ እቤቱ ለቀረውስ?"

ባለፈው ሳምንት እኮ አፍሮ እቤቱ የቀረው እኔ ነበርኩ። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ፈረምኩ። ሙሉ ስሜን፣ እስከ አያቴ።

ማርች 19፣ ሐሙስ

ተፈተንኩ። በባዶ ሆድ፣ ከአንድ የፕላስቲክ አጽም ጋር ፊት ለፊት ተፋጠን። እሱ ከኔ ወፍራም መሰለኝ። ፕሮፌሰሩ ጥግ ላይ ሳንድዊቹን ሊፈታ ካለ በኋላ አየኝና መልሶ ጠቀለለው። "ብላ፣ ችግር የለም" አልኩት፣ እምቢ አለ። የጎረቤት ልጅ ይመስል።

ማታ ሳንታ ሞኒካ፣ ባሕሩ ዳር። እኔ፣ ሙነወር፣ ሩመይሳ፣ ሌላም ብዙ ሰው። ፀሐይ ገባች። ተምር በእጅ፣ ዓይን ወደ ሰማይ። ሙነወር ሦስት ጊዜ አየሁ አለ፣ ሦስቱም አውሮፕላን። ከዚያ ሩመይሳ እጄን ያዘችና ጣቷን ዘረጋች... እንደ ተቆረጠች ጥፍር። ቀጭን። አፏን የከፈተች።

ስልኬ ጮኸ፣ ጋሼ ናቸው።

"ታየች? ነገ ሱቁ የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

"በይ መልካም በዓል። ቅዳሜንም አልሰረዝኩትም፣ ጠግበሽ ብትተኚ ብዬ ነው።"

ማርች 20፣ ዓርብ

ዒድ። ለመጻፍ ጊዜ የለም። እየበላሁ ነው።

ማርች 27፣ ዓርብ

ዘጠና አንድ። ኤ ማይነስ። ለነርሲንግ አመለከትኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ከሳትኳቸው አንዱ ስተርነም ነው። ወረቀቱ ከቀሚሱ ጋር ሄዶብኝ የለ?

ኤፕሪል 10፣ ዓርብ

ስቅለት። ሱቁን ብቻዬን ይዣለሁ። ማኒኪኗ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ በዚህኛው ተርም ደግሞ ጡንቻ ነው የለጠፍኩባት። አመሻሹ ላይ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ደወሉ።

"ቀኑን ሙሉ ሰግጄ ጉልበቴ አለቀ፣ አንቺ ልጅ።"

"ፓቴላዎ ነው፣ የጉልበት ሎሚዎ።"

"እሷን አስታሚልኝ እንግዲህ።"

ሩመይሳ ቀን ላይ መጥታ ነበር። ኮሚቴው ገና አልወሰነም። ትምህርቱ በበዓል ይዘጋ ይሆን አይዘጋ ይሆን፣ እኔም ዛሬ ድረስ ልቤ ወዲያና ወዲህ ነው። እሷ ግን ስምንት መቶ ፊርማ አላት፣ በደንብ ትከራከረኛለች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"እዪው እስቲ።"

የበዓል ፎርም። ያው ነው... አይ፣ ያው አይደለም። "ቀን" ከሚለው መስመር ሥር ሌላ መስመር ገብቷል። "ሁለተኛ ቀን፣ ካለ።"

ደጋግሜ አነበብኩት። ፕሮፌሰሩ ይሁን፣ የቢሮዋ ልጅ ትሁን፣ ማን እንዳስገባት ሩመይሳም አታውቅም።

ዐረፋ ሊደርስ ወር ከምናምን ይቀረዋል። ምን ያስቸኩላል? እስክሪብቶ አነሳሁ። አንደኛው መስመር ላይ፣ ረቡዕ፣ ሜይ 27። ሁለተኛው ላይ፣ ሐሙስ፣ ሜይ 28። ከሥሩ "ስላስቸገርኩ ይቅርታ" ብዬ ልጨምር እጄ ሄዶ ነበር።

ሳልጨምረው ፈረምኩና እስክሪብቶውን ዘጋሁት።