ሳይሞቱ ስለተለቀሰላቸው ወይዘሮ አልጋነሽና ስለ ክኒናቸው

ለክቡር የጤና ወጪ መጋራት አስተባባሪ፣
ቴዎድሮስ አደባባይ፣ አራተኛ ፎቅ

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ እኔ መሪጌታ ገብረአብ፣ የእሪ በከንቱ ሠፈራችን እድር ጸሐፊ ስሆን፣ ምክንያቴም ፒያሳ ጧፍ የሚሸጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ የኤችአይቪ መድኃኒታቸው የዘጠኝ ቀን ብቻ መቅረቱ ነው። አስቀድሜ ግን ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? በማንም ለጋሽ በጀት ላይ ያልተንጠለጠለ ጤና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

፩. የውጭ እርዳታ ስለቀነሰ የአባሎቻችንን መድኃኒት እድራችን እንዲችል ወስነው፣ ይህንኑ ለማስረዳት ሁለት ቀን ሙሉ በሆቴል ስለቀለቡንና ቦርሳ ስላደሉን እናመሰግናለን። ቦርሳው ጠንካራ ነው፤ የሚገባበት ክኒን ብቻ ጎደለ።

፪. የእድራችን ደንብ ገንዘብ የሚያወጣው ለሟች ብቻ እንደሆነ በትሕትና ብናሳውቅዎ፣ አንድ ወር አጥንተው ወጪው «ቅድመ ቀብር ክፍያ» ተብሎ እንዲያዝ፣ ወይዘሮ አልጋነሽም በሟቾች መዝገብ እንዲሰፍሩ መመሪያ ሰጡን። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሆኖም የሰው ነፍስ ከእኔ ኩራት ትበልጣለች ብዬ በቁም ጽሕፈት አሳምሬ ጻፍኩ። ይህን ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ የእርስዎን ድርሻ ግን እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል።

፫. ጥሩምባ ነፊያችን አቶ ፍቅሬ መዝገቡን አይተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባቸውን ነፉ። ድንኳን ተተከለ፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ከገበያ ሲመለሱ ደረት ከሚመታው ሕዝብ መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን ንፍሮ ቀመሱ።

፬. ገንዘቡንና የመዝገቡን ቅጂ ይዘን ብንሄድ፣ መድኃኒት ቤቱ ለሟች መድኃኒት እንደማያድል በማኅተም አረጋገጠልን።

ስለዚህ በቀሩት ዘጠኝ ቀናት ሟቿን በአንድ ደብዳቤ አስነሥተው መድኃኒታቸውን እንዲያሰጡልን እየለመንኩ፣ ሕያዋንን ከሙታን ተራ ለሚያሰልፈው ሥልጣንዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ ገብረአብ፣
መዝገቡን በገዛ እጁ ያበላሸ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለለቅሶው የላከው ትልቅ የአበባ ጉንጉን በሰዓቱ ደርሷል። ለራሳቸው ለሟቿ አድርሻለሁ። ወይዘሮ አልጋነሽም አገላብጠው ካዩት በኋላ የተናገሩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፍልዎታለሁ፦ «መሪጌታ፣ አበባው ያምራል። በቀን ስንቴ ነው የምውጠው?»