የዛሬው ሰማያዊ ስክሪን የእኔ አይደለም

እህት ዓለም፣

ኮምፒውተርሽን ስትከፍቺ ሰማያዊ የብልሽት ስክሪን ይመጣብሻል። እንደ ሰኞው የእኔ ቀልድ እንዳይመስልሽ። የሰኞው ለቲያትራችን የሠራሁትና አንቺ ላይ የሞከርኩት የውሸት ነበር፤ አንድ ቁልፍ ስትነኪ ይጠፋል።

ይሄኛው አይጠፋም። ጠዋት የራሴን ጽሑፍ ላትምበት ስከፍተው ቀጥ አለ። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ለመንኩት፤ ወይ ፍንክች! ጥገና ቤት ብደውል «ውስጡ ያለው መትረፉን እንጃ» አሉኝ።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂና ብዪ።

ነገ የምታስረክቢው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ቅጂ ቀዩ ፍላሽ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። መሳቢያውን አታተራምሺ። የሰኞውን ቀልድ የጫንኩት እሱ ላይ ነው፤ ባዶ መስሎኝ ሳላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ።

የዚያኑ ዕለት ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን እየሳቅሽ ነበር።