ምላስሽን ያላቀዘቀዘው ሚንት

ውድ እቴቴ፣

ስቱዲዮ ረስተሽው የሄድሽው የማንበቢያ መነጽርሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ተልኳል። መጀመሪያ እሱን አድርጊና ቁጭ በዪ። በስልክ ልነግርሽ ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ግን ታውቂዋለሽ፣ ጥርስሽ ከተሰበረ ወዲህ ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ አትቆዪም። "እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ምግብሽን ብዪ" ትይኝና ትዘጊዋለሽ። ሰላምታ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ትይ የነበርሽውም አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ሰላምታውን ልተወውና የመጣሁበትን ልናገር።

ጥርስሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው። ብዙውን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ መሃል ላይ ሰበብ ፈልጌ እንደምሸሽ ራሴን አውቀዋለሁ።

የጨረር ሕክምናው የጉሮሮሽን ካንሰር ወሰደልን፤ ምራቅሽንም አብሮ ወሰደው። ያኔ በሕይወት መትረፍሽ ብቻ ነበር የታየን፤ የአፍ መድረቅ ምን ነገር ነው ብለን አለፍነው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስቱዲዮ ተመልሰሽ ለዓይነ ስውራኑ የሚቀዳ መጽሐፍ ማንበብ ስትጀምሪ ነው ጉዱ የመጣው። የድምፅ ባለሙያው፣ አንቺ "ጆሮው" ብለሽ ስም ያወጣሽለት ሰውዬ፣ በየቃሉ መካከል ያስቆምሽ ጀመር። ምላስሽ ከላንቃሽ ሲላቀቅ ጠቅ ይላል፣ ማይክሮፎኑን ደግሞ ምንም አያመልጠውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ስታነቢ የነበርሽ ሰው፣ አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብሽ። ያን ቀን ቤት ገብተሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ "ችኩሌ፣ ድምፄ ሳይጠፋ አፌ ከዳኝ" አልሽኝ።

በማግስቱ እኔ የሐኪም ረዳት ሆኜ ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኩሽ። ዶክተሩ አፍሽን አየና ሚንት አዘዘልሽ፦ ስኳር የሌለው፣ በዛይሊቶል የተሠራ፣ ከምግብ በኋላና አፍሽ ሲደርቅ የሚመጠጥ። ለምን እንደሆነ ያስረዳሁሽ እኔ ነበርኩ፤ የፕላስቲኩን መንጋጋ ይዤ፣ እንደ አስተማሪ እየተንጠባረርኩ። ዛይሊቶል እንደ ስኳር ይጣፍጣል፣ ምላስንም ያቀዘቅዛል፣ ጥርስ የሚያበሰብሱት ጀርሞች ግን አይጠቀሙበትም፤ መምጠጡ ደግሞ የተረፈችሽን ጥቂት ምራቅ ያመጣታል። ተራ ከረሜላ ግን ለደረቀ አፍ መርዝ ነው፣ ስኳሩን የሚያጥበው ምራቅ የለምና። ጨረር ያረፈበት መንጋጋ ደግሞ ጥርስ ሲነቀልበት ቁስሉ ላይድን ይችላል፤ ስለዚህ ያንቺ ጥርስ ቢበላሽ ነቅለን የምንገላገለው አይደለም። ይህን ሁሉ በገዛ አፌ ነግሬሻለሁ፣ እቴቴ። አላውቅም ነበር የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

የመጀመሪያው ቀንማ የታዘዘልሽን ልክ ንቀሽ አንድ ፓኬት ሙሉ ጨረስሽና ሆድሽ ሲንጓጓ ዋለ። ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ ሆነሽ "ዶክተርሽ ጥርሴን ነው የሚያድነው ወይስ አንጀቴን ነው የሚያጥበው?" ስትይ እኔ ኮሪደሩ ላይ በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ ወዲያ በልክ ሆነ፣ በቀን አምስት ስድስት።

ፓኬቱ ማይክሮፎን ፊት ስለሚንኮሻኮሽ፣ ያቺን ጠፍጣፋ የክሬም ቆርቆሮ አጥበሽ ውስጧን በፎጣ ቁራጭ አለበስሻት፤ ስትከፈትም ስትዘጋም ድምፅ የላትም። በየቅዳሜው አርባ ፍሬ ቆጥሬ መሙላት የኔ ሥራ ሆነ። አንቺ ራስሽ ገዝተሽ አታውቂም፣ ከዚያ ወዲህም ፓኬቱን አይተሽው አታውቂም። "የባለሙያ ነገር ለባለሙያ" ብለሽ ለኔ ተውሽው።

ዛይሊቶሉን የሚያመጣው መድኃኒት ቤት አንድ ብቻ ነበር፣ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ አሉኝ። ስመለስ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ክብ ነጭ ሚንት አየሁ። መልኩ ያው ነው፣ መጠኑም ያው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ገዛሁትና አርባ ቆጥሬ ሞላሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መድኃኒት ቤቱ ራሱ ደውሎ መጥቷል አለኝ። አልሄድኩም። ሰበብ ልፈልግለት ብዙ አስቤያለሁ፤ ታምሜ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ዝናብ ነበር። የቱም አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዬ ላይ መጋደም ጣመኝ፣ አለቀ። አንድ ሳምንት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቆጠራውን ራሱን ፈራሁት። ሰባት ወር፣ እቴቴ። ቀን ቀን ክሊኒክ ቆሜ የሰው ልጅ ሁሉ ጣፋጭ እንዲቀንስ እመክራለሁ፤ ቅዳሜ ቤት ገብቼ ላሳደገችኝ አክስቴ ስኳር እቆጥራለሁ።

አንድ ጊዜ ጠይቀሽኛል። ወጥ ቤት ቆመሽ ሳህን እያደረቅሽ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ "ይሄ ሚንት እንደ ድሮው ምላሴን አያቀዘቅዘውም" አልሽኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ፋብሪካው አሠራሩን ለውጦት ነው አልኩሽ። "እንዲያ ነው?" አልሽና ሌላ ሳህን አነሳሽ። እናቴ ሞታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቤትሽ ከገባሁ ጀምሮ ብዙ ነገር ዋሽቼሻለሁ፣ የተሰበረ ብርጭቆም የቀረሁበት ትምህርትም፤ እንደዚያን ቀን ግን ቀሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የምርመራሽ ቀን ደረሰ። ዶክተሩ መብራቱን አዙሮ አፍሽን ከፈተ፤ ምራቅ የሚመጥጠውን ቱቦ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ምንም የሚመጠጥ ባይኖርም። የላይኞቹ አራቱ የፊት ጥርሶችሽ ከድዱ ሥር ዙሪያቸውን ቡናማ ሆነው ተበልተዋል። እኔም ከሱ እኩል አየሁት። መስተዋቱን አስቀመጠና ኮስተር ብሎ ጣፋጭ ይበሉ እንደሆነ ጠየቀሽ።

አንቺ መጀመሪያ እኔን አየሽኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠር አድርገሽ። ከዚያ "አዎ ዶክተር፣ ከረሜላ ነፍሴ ነው። ተደብቄ ነው የምበላው፣ ይቺ ልጅ አታውቅም" አልሽው።

ከረሜላ! አንቺ! በልደቴ ቀን እንኳ ኬክ ቆርሰሽልኝ የራስሽን ድርሻ ለጎረቤት ልጆች የምትሰጪ ሴት። እኔ ቱቦውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ዶክተሩ ተበሳጨና በዕድሜዎ ያሳፍራል አለሽ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ካርዱ ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ እኔም በገዛ እጄ፣ በዚያ አንቺ ባስተማርሽኝ ቁም ጽሕፈት፣ "ታካሚዋ የተሰጣትን ምክር አልተከተለችም" ብዬ ጻፍኩ። ነጥቧን ሳይቀር አሳምሬ ነው የጻፍኳት።

የዚያን ቅዳሜ ሁለቱን አውቶቡስ ይዤ ሄጄ እውነተኛውን ገዛሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ከድዱ ላይ ተሰበሩ፤ ሥሮቻቸውን ዶክተሩ አክሞ እዚያው ተዋቸው። ያሠራልሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ በደረቀ አፍ አልያዝ ብሎ እየወረደ አስቸገረሽ። ያለሱ ስታነቢ ያፏጫል፣ ከሱ ጋር ስታነቢ ይንቀጫቀጫል። ሁለት ምዕራፍ ብቻ የቀረው መጽሐፍ ፊትሽ ተዘርግቶ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጆሮው ለስድስተኛ ጊዜ ሲያስቆምሽ "በቃ" አልሽ አሉ። ማዳመጫውን መስቀያው ላይ ሰቀልሽ፣ በወሩም ሻንጣሽን ይዘሽ ልጅሽ ቤት ሄድሽ። ጣቢያው ድረስ የሸኘሁሽ እኔ ነኝ። አንገቴን አቅፈሽ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ቀስ እያልሽ ኑሪ" ብለሽ ሳቅሽ፤ ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ሸፈንሽው።

ያኔም ዝም እንዳልኩ እኖር ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። አላወቀችም፣ ራሷን ነው የወቀሰችው፣ ብናገር ደግሞ ምን ይጨምርላታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን መነጽርሽን ልወስድ ስቱዲዮ ሄድኩ። ጆሮው መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝና ትንሽ አመነታ። ከመጨረሻው ቅጂ የሚቆርጣቸውን ነገሮች እንደማይጥል፣ ሳልሽንም ወሬሽንም አንድ ላይ እንደሚያስቀምጥ ነገረኝ። "አንድ ነገር አለ፣ ብትሰሚው ይሻላል" አለኝ። ማዳመጫሽን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

አንድ አንቀጽ ታነቢያለሽ። ታቆሚያለሽ። ከዚያ ድምፅሽ ለሱ እንዲህ ይለዋል፦ "ይሄ ሚንት ያ አይደለም እኮ። ስኳር ስኳር ይላል።"

እሱ ከሩቅ ታዲያ ለምን አትነግሪያትም ይልሻል።

"ልታፍርብኝ? ተዋት፣ ደክሟት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውል። ትንሽ ትረፍና ራሷ ትመልሰዋለች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ አውቃታለሁ።"

ከዚያ ገጽ ሲገለጥ ይሰማል፣ አንቺም ንባብሽን ትቀጥያለሽ፣ ካቆምሽበት ቃል ሳትዛነፊ። የተቀዳበትን ቀን አየሁት። ሚንቱን ከቀየርኩ አምስተኛው ሳምንት ነው። አምስተኛው! ጥርስሽ ገና ደህና ነበር። ያኔ ብመልሰው ዛሬ ታነቢ ነበር። አንቺ አምነሽኝ በየቅዳሜው ቆርቆሮዋን ከፍተሽ ትቀምሻለሽ፣ ዛሬስ መልሳው ይሆን እያልሽ፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ።

ማዳመጫውን አውልቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮው ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሕመምተኛ ሳይገባ ካርድሽን አውጥቼ ዶክተሩ ፊት አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ሰባት ወር አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። "እሷ አልፈራችም" አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ ራስሽ የጻፍሽውን ራስሽ አስተካክዪ አለኝ። የድሮዋን ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከሥሯ "ታካሚዋ ምክሩን ተከትላለች። ሚንቱን በስኳር የቀየረችው ረዳቷ ናት" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ለጊዜው ከሕመምተኛ አጠገብ አንስቶ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ክፍል አስገብቶኛል፤ ስለ ሥራዬ ገና አልወሰነም። ቢያባርረኝ አልከራከረውም። በዕድሜዎ ያሳፍራል ስላለሽ ግን ራሱ ደውሎ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል። በቀሩት ሥሮች ላይ የሚይዝ ጥርስ መሞከር ይቻል እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁም ብሏል። ቃል አልገባም፤ እኔም አልገባልሽም፣ ቃሌ ምን ያህል እንደሚያወጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለቱን ምዕራፎች ጆሮው ለሌላ አንባቢ አልሰጠም። አለቆቹ ሲጠይቁት ማሽኑ ተበላሽቷል ይላቸዋል አሉ። ይሄም ውሸት ነው፣ ግን ከኔው ይሻላል።

ቆርቆሮዋ ከመነጽሩ ሥር አለች። አርባ ፍሬ ነው፤ ረቡዕ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሁለቱን አውቶቡስ ይዤ ያመጣሁት። እመኚኝ አልልሽም። አንዷን ምላስሽ ላይ አድርጊና ራስሽ ፍረጂ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትደውዪ "ተዪው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው" እንዳትዪኝ። ዶክተሩ ፊት የሸፈንሽኝ ይበቃል፣ ከዚህ በላይ ከሸፈንሽኝ እዚያው ውስጥ እቀራለሁ። "ዋሽተሽኛል" በዪኝ። ሳትቸኩዪ፣ አፍሽን በእጅሽ ሳትይዢ በዪኝ። ቃሉ ሁለት ቦታ እንደሚያፏጭብሽ አውቃለሁ። ልስማው።

በየቅዳሜው ከሰዓት ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

"ራሷ ትመልሰዋለች" ብለሽ የጠበቅሻት፣
ችኩሌ