ሳህኑን ያልነካው ዳኛ

ለተከበሩ የጎረቤታችን ልጅ፣ ለቅዳሜው የምግብ ውድድራችን ዳኛ፤

እኔ ከዚህ በታች ዝምድናዬን የምገልጸው አመልካች፣ ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ፈቃዴ የሚከተለውን አምናለሁ፦ የዚያን ቅዳሜ እርስዎ ሳይነኩት የሄዱትን ሳህን፣ ከኩሽናው በር ጀርባ ቆሜ ጠርጌ በልቼዋለሁ። ጣቴንም ልሻለሁ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ሆዴ ግን እስካሁን አልተጸጸተም።

ጤናዎስ እንዴት ነው? የጀዊ የስደተኞች ካምፕ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? የካምፑ ሥራስ? እኛ እዚህ ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ደህና ነን። ማራገቢያው መብራት ሲኖር ይዞራል፤ አባዬ መብራት ባይኖርም ይጮኻል።

ይሄ «እርስዎ» እጄን አደከመው። ዳኛ ሳለህ ነበር የሚገባህ። አሁን ተናድጄብሃለሁና አንተ እልሃለሁ። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ፤ ስልኬን አባዬ «እስከ ፈተና» ብሎ ወርሶታል። ይኸው ራሱ ተጋድሞ የምግብ ቪዲዮ እያየበት ነው። ደብዳቤውን እህትህ ኛኪም በካምፑ መኪና ሾፌር እጅ ትልክልሃለች።

ውድድሩን የጀመረው አባዬ መሆኑን አትርሳ። «በየቅዳሜው በዚህ ቤት ተሠርቶ የማያውቅ ምግብ ይሠራል፤ ሽሮ ያቀረበ ይባረራል!» ብሎ ያወጀ እሱ ነው። መጀመሪያ ያቀረበው ፒዛ ለመቆረጥ መጥረቢያ ነበር የቀረው። «ስስ ምግብ የሰነፍ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እማዬን ደግሞ የሒሳብ አስተማሪነቷ ኩሽና ድረስ ተከትሏት፣ የዓሣ ጥብሷን በማስመሪያ ለክታ አከፋፈለችን። ሁለቱም ለራሳቸው አንደኛ ስለሰጡ ነው አንተን ከጎረቤት ያስመጣንህ። አንተም የቀረበልህን ሁሉ ትበላ ነበር። የአባዬን ፒዛ እንኳ በላህ! በሁለት ብርጭቆ ውሃ አወራርደህ «ጠንካራ ነው» አልክ፤ እሱም ምስጋና መሰለው።

ከዚያ የእህቴ የኮከብ ተራ ደረሰ።

ኮከብ ቀኑን ሙሉ ጤና ጣቢያ ስታዋልድ ውላ፣ ከሥራ ስትወጣ እናንተ ቤት እየሄደች ከእናትህ ከእማማ ኛሙዎን ዋልዋል የሚባለውን የእናንተን ምግብ ተማረች። የማሽላ ዱቄት ላይ ውሃ እየረጩ በመዳፍ ማሽከርከር ቀላል ይመስልሃል? መጀመሪያ ጓል ሆነባት፤ ቀጥሎ ሊጥ ሆነባት። በመጨረሻ እንደ ዶቃ ጥቃቅን አድርጋ አወጣችው። አብስላ፣ እርጎ አፍስሳበት ፊትህ አስቀመጠች። በዳኛው ሳህን ላይ ብቻ ቅቤ ጨምራለች። ይሄን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

አንተስ ምን አደረግክ? ማንኪያውን አነሳህ። እሷን አየህ። እማዬን አየህ። ማንኪያውን መልሰህ «ይቅርታ፣ ጠግቤያለሁ» ብለህ ተነሳህ። ጠግቤያለሁ! ያንን ፒዛ የቻለ ሆድ!

ስትወጣ ቤቱ ምክር ቤት ሆነ። እማዬ «ጨው በዝቶበት ይሆናል» አለች፤ ዋልዋሉ ግን ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። አባዬ እስከ ውጭ በር ተከትሎህ «ከእንግዲህ የሚበላ ዳኛ ነው የምንፈልገው!» ሲል አንተም ሰምተሃል፣ ሰፈሩም ሰምቷል። ይሄን የሚለው ማን ነው? ሰው ቤት ሄዶ አሥር ጊዜ «በሞቴ» ካልተባለ እህል የማይቀምስ ሰውዬ! ኮከብ ብቻ አልተቆጣችም። ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉር ነበር። ድንጋጤው አእምሮዋን ነክቷት ይሆን ብዬ ፈራሁላት።

ከዚያ ቀረህ። «ሥራ በዛ» ብለህ እናትህ ቤትም አልመጣህም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ኮከብ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር፤ የመጣው ግን ከሰል ሻጩ ነው። በሌላኛው ቅዳሜ ማንጎራጎሩም ቀረ። መቲ ጤና ጣቢያ ተዛወሪ ሲሏት «ከጋምቤላ ንቅንቅ አልልም» ትል የነበረችው ልጅ፣ አሁን «እሄዳለሁ» ብላለች። ሰኞ መልሷን ታስገባለች። አባዬም «የመቲ አየር ጥሩ ነው» ይላል። ልጁ እየሄደችበት ስለ አየር ያወራል!

ትናንት ንዴቴን ሁሉ ኛኪም ላይ አራገፍኩት። እህትህ ስትስቅ ከወንበሯ ወደቀች። «ጠልቶ ቢሆን ይበላ ነበር!» አለችኝ። «እኛ ጋ ወንድ ልጅቷን ሊያገባት ካሰበበት ቀን ጀምሮ ፊቷ አይበላም። እናቷ ፊት ደግሞ ጭራሽ! ነውር ነው። እናንተ አትጠይቁም፤ ዝም ብላችሁ ትናደዳላችሁ።»

ንዴቴ በረደ ብለህ እንዳትደሰት። ብሶብኛል! እኛ ቤት አለመብላት ንቀት ነው፤ እናንተ ቤት አክብሮት ነው፤ ታዲያ መሀል ላይ የቆመችው እህቴ ምን ታድርግ? አፍህን ከእህል መዝጋትህን አከበርኩልህ። ከቃልም ዝጋው ያለህ ማነው? እንግዳ ሲመጣ መሶብ ከመክፈት ውጭ ቋንቋ የማያውቁ ሰዎችን በዝምታ አናግረህ፣ ከዚያ አኩርፈህ ጀዊ ትቀመጣለህ?

ለኮከብ አልነገርኳትም። እንዲህ ያለው ነገር ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ነው የሚያምረው። ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ና። አትብላ፤ ተናገር። አባዬን አትፍራው፤ ጩኸቱ ከፒዛው ይለሰልሳል። ሽማግሌ መላክ ካለብህም ላክ፤ ግን ሆዳቸው የማይበገር ሰዎች ምረጥ፤ ተራው የአባዬ ነው፣ ላዛኛ እሠራለሁ እያለ ነው።

የሚቀናውን መንገድ ያሳይህ። የካምፑን ትንኝ ያርቅልህ። ምላስህንም ይፍታልህ፣ አሜን።

ከፈጠንክ አማችህ፣ ከዘገየህ የጎረቤት ልጅ ብቻ ሆና የምትቀረው
ታናሽ እህትህ

ቆይ፣ ደብዳቤውን ሳላጥፈው ኮከብ ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት። ከየቱ ጀምራ እንዳነበበች እንጃ። «መቅደላዊት!» አለች። ወረቀቱን ትቀድደዋለች ብዬ በክርኔ ሸፈንኩት። እሷ ግን ቀስ ብላ «ያልበላበትን ምክንያትማ እናቱ ያኔውኑ ነግራኛለች» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሳይመጣ የቀረበትን ምክንያት ጠይቂልኝ።»