ከሞቃዲሾ ኪስማዮ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ብቻ

በኬኤም አራት አደባባይ ያንን ታላቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላቆሙት፣ ለተከበሩ የአየር መንገዱ ሥራ አስኪያጅ፤

አሰላሙ አለይኩም። ክቡርነትዎ በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው በቀዝቃዛ አየር እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አላህ ይህን ጸጋ ያዝልቅልዎ። እኔ በሐመር ወይኔ ሠፈር ልጆችን ቁርኣን ሳስቀራ የሸመገልሁ መዓሊም ነኝ። አደባባይ መውጣት ልማዴ ባይሆንም፣ ውለታዎን በጓዳ ማስቀረት ነውር መስሎ ታይቶኝ ይህን በግልጽ ጻፍሁ።

አንደኛ፣ ስለ ርቀት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በመኪና መጓዝ ነፍስን አሲዞ መሄድ በሆነበት በዚህ ዘመን፣ ኪስማዮ በአየር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደምትርቅና ይህም በሃምሳ አምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ ከሰሌዳዎ አንብቤ አመንሁ። ያለፈው ሰኞ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ዓምባሮ ኪስማዮ ላይ ማረፏን ጎረቤቷ ሐጂ ያሮው ገና ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሳልነሣ በስልክ አረዳኝ። ባልም ወንድ ልጅም ስላልነበራት፣ ወደ መቃብሯ ወርዶ በእጁ ሊያስተኛት የሚገባው የሥጋ ዘመድ ከእኔ በቀር አልነበረም። ሬሳ ማቆየት እንደማይገባ እያወቅሁ፣ «ቆዩኝ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት እደርሳለሁ» አልሁት። ሰሌዳዎን አክብሬ ነው።

ሁለተኛ፣ የሠራተኞችዎ ትሕትና የሚደነቅ ነው። ትኬት ቆራጩ ወጣት፣ «አጎቴ፣ ይረጋጉ እንጂ! ሃምሳ አምስቱ ደቂቃ የሚቆጠረው እኮ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው» ሲል አስረዳኝ። መቼ እንደሚነሣ ብጠይቀው፣ «የፓርላማው ሰውዬ ቁርሳቸውን ሲጨርሱ» አለኝ። ከኋላዬ የቆመች ዓሣ ነጋዴ፣ «ምነው፣ ለቁርሳቸው ግመሏ ገና እየታለበች ነው እንዴ?» ስትል ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከእኩለ ቀን በፊት ለመሳቅ አልታደልሁም፤ ከዚያም በኋላ አልሆነልኝም።

ሦስተኛ፣ አውሮፕላኑ በተነሣ ጊዜ እኚህን ታላቅ ሰው ለማድረስ በሌላ አቅጣጫ ወዳለችው ባይደዋ ዞረ። ወደ እህቴ ቀብር እየተጓዝሁ ከእህቴ ራቅሁ። ባይደዋ ስናርፍ ሐጂ ያሮው ደወለ፤ «መዓሊም፣ ሙቀቱ በረታብን። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው። ኧረ ምን ላድርግ?» አለኝ። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያስተምር ዕድሜውን በፈጀው አንደበቴ «ቅበሯት» አልሁ።

ገንዘቤን መልሱልኝ አልልም። ሰሌዳውን አውርዱልኝም አልልም፤ ቃሌ ከእርስዎ ዘንድ እንደማይደርስ አውቃለሁ፣ ከማን ዘንድ እንደሚደርስ ግን አላውቅም። ኪስማዮ የገባሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ አፈሩ ደርቆ ጠበቀኝ።

ክንፍዎ እንዳይሰበር፣ የትልልቅ መንገደኞችዎም ማዕድ እንዳይጓደል እየለመንሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

መዓሊም ዳዑድ ገዲ ሮብሌ

ማስታወሻ፦ ወደ መቃብሯ ከወረዱት ሦስት ባዕዳን አንዱ ኪስማዮ ላይ የእርስዎ ድርጅት ሻንጣ አውራጅ እንደሆነ ሐጂ ያሮው ነግሮኛል፤ አውሮፕላኑ ስላልመጣ ሥራ ፈትቶ ቀብር መጥቶ ኖሯል። እባክዎ ያመስግኑልኝ፤ ከድርጅትዎ ሰዎች ለእህቴ በሰዓቱ የደረሰላት እርሱ ብቻ ነው።