የተቀየሩት አፈሙዞች

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያምሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ዓይኔም ለዚህች ያህል አላነሰኝም። ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ነግሬ ላስጽፈው አልፈለግሁም።

የአባታችንን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ እንድልክልህ፣ ከመላኬም በፊት የት አገርና በማን እጅ እንደተሠራ አጣርቼ እንድጽፍልህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሳሎንህ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ለእንግዶችህ ልታወራበት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «አፈሙዙን ግን ማስፈታት አያስፈልግም» የምትል መስመር ጣል አድርገሃል። እኔን ታውቀኛለህ፤ አጣሪ ከተባልኩ ግማሹን አጣርቼ ግማሹን አልተውም።

ጠመንጃ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ስለ ራሱ ችሎታ ሲደሰኩር ጆሮዬን አደነቆረው፤ ሥራውን ግን ይችላል። ወንድሜ አፈሙዙ አይፈታ ብሏል ስለው፣ «እትዬ፣ በሽተኛ ካፖርቱን እንደለበሰ ይመረመራል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝና ፈታታው። አፈሙዞቹን በሲባጎ አንጠልጥሎ በእንጨት መታ ሲያደርጋቸው እንደ ደወል ጮኹ፤ ብየዳቸው ጤነኛ ነው ማለት ነው አለኝ። ከዚያ ገለበጣቸው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሲሠራ በአካሉና በአፈሙዞቹ ሥር አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታል። የእኛ ግን የአካሉ ቁጥር ሌላ፣ የአፈሙዞቹ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አካሉ ባሕር ማዶ የተሠራ፣ በዕድሜ ከአባታችንም የሚበልጥ ነው። አፈሙዞቹ ከሌላ ጠመንጃ ተወስደው የተገጠሙ ናቸው፤ የገጣሚው ምልክት፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ፣ ተመትታባቸዋለች። ጠጋኙ ምልክቷን ሲያይ ወሬውን አቆመ። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ምልክት ነበረች።

ሽማግሌው በሕይወት አሉ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠመንጃውን ግን በጣታቸው ዳብሰው አወቁት። በታላቃችን በወንድም ጋሼ እጅ ላይ የፈነዳውን አሮጌ አፈሙዝም አልረሱትም። የብረት ጥብጣብ ተጠምዝዞ የተሠራ፣ የድሮውን ጭሳም ባሩድ እንጂ አዲሱን ኃይለኛ ጥይት የማይችል ነበር አሉኝ። «አፉን ጭቃ ደፍኖት ቢሆን ኖሮ ወደ ጫፉ ነበር የሚፈነዳው። ያ የተቀደደው ግን ከሥሩ፣ ጥይቱ ከሚቀመጥበት ላይ ነው። ጥፋቱ ጥይቱን የገዛው ሰው ነው፤ ልጅዎ ምንም አላጠፋም ብዬ ለአባትየው በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ። ጥይቱን የገዙት ራሳቸው አባታችን ናቸው። ቀጥለውም፣ አብሯቸው የመጣው ጎረምሳ በሩን ተደግፎ ሲያፏጭ እንደነበረና ይህን ሲሰማ ፉጨቱን እንዳቆመ ነገሩኝ።

በቤታችን የሚያፏጭ አንተ ብቻ ነበርክ።

ወንድም ጋሼ የግራ እጁን ሦስት ጣቶች ባጣ ጊዜ፣ አፈሙዙን ጭቃ ላይ ተክለህ ሳታጸዳ ተኮስክ ተባለ። አጽድቼ ነበር ቢል ማን ሰማው? ስሙ «ዝርክርኩ» ሆኖ ቀረ። የአባታችን ወፍጮ ቤት ለዝርክርክ አይሰጥም ተብሎ ላንተ ተሰጠ፤ አንተም ሸጠኸው ሄድክ። እሱ የሰው መጋዘን በር ሲጠብቅ ኖሮ ባለፈው ክረምት ሞተ። ለቅሶው ላይ እንኳ በስልክ «ምስኪን፣ ትንሽ ጥንቃቄ ቢኖረው ኖሮ» ብለኸኛል። ልጅ ነበርኩ፣ አባቴን ፈርቼ ነው ትለኝ ይሆናል። አባታችን ከሞቱ በኋላስ ማንን ፈርተህ ነው?

ጠመንጃውን አልልክልህም። ለወንድም ጋሼ ሚስት ወስጄ ሰጠኋት፤ ሽማግሌው ያሉትንም ነገርኳት፤ ያንተን ነገር ብቻ ዋጥ አደረግሁት። አላለቀሰችም። በእንቅልፉ ሳይቀር «አጽድቼ ነበር» ይል እንደነበር፣ እሷም «ተወው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» እያለች ትገላምጠው እንደነበር አጫወተችኝ። እሷም አላመነችውም ነበር። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ከእናንተ ቤት ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ?» አለችኝ።

መዋሸት በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም፤ ያንተንም አፍ ሆኜ አልናገርም። የሚያውቀው ሰው ራሱ ይጽፍልሻል አልኳት። ስለዚህ ጻፍላት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ በገዛ እጅህ፣ ምክንያት ሳትደረድር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፖስተኛው በሰፈሩ ሲያልፍ ደጅ ወጥታ ትቆማለች።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። አማትህን እግዜር ይማርሽ ብላለች በልልኝ። ትልቋን ልጅህንና ታናሽ ወንድሟን ሳምልኝ። አጎታቸውን «ዝርክርኩ» በሚለው ስም ብቻ የሚያውቁት ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ እሱን አርምላቸው፤ ከዚያ ሳማቸው።

እህትህ

ከድሮው ቤት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን